ኦፕንስትሪትማፕ በጅማ፦ የት ይታመናል፣ የት ያሳስታል

ፍርዱን ከመጀመሪያው እናስቀምጥ። ጅማ ውስጥ በእግር ወይም በሞተር ለሚንቀሳቀስ፣ ከከተማ ወጥቶ ወደ ሰቃ ጨቆርሳ፣ ወደ ዴዶ ወይም ወደ አጋሮ ለሚሄድ፣ መንገድ ላይ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰው ኦፕንስትሪትማፕ ስልክ ላይ ሊኖር የሚገባው ካርታ ነው። አንድን ሱቅ፣ አንድን ክሊኒክ ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ሰዓት ለሚፈልግ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ደውሎ ማረጋገጥ ግድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከአንድ ነገር ነው። ይህ ካርታ በደንብ የሚያውቀው ሰው በእግሩ ሄዶ ያየውን ቦታ ነው። ያልተረገጠውን ከሳተላይት ፎቶ ላይ ገልብጦ ያሳያል፤ ችግሩ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መስመርና ቀለም ማቅረቡ ነው። ተጠቃሚው ለይቶ ማንበብ ካልቻለ፣ የተረጋገጠውንም የተገመተውንም እኩል ያምናል።

ኦፕንስትሪትማፕን እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር ስቲቭ ኮስት የተባለ ሰው ጀመረው። በኢሜይል አካውንት የከፈተ ማንም ሰው መጨመር፣ ማረም፣ መሰረዝ ይችላል። መረጃው በነጻ ይወርዳል፣ ይገለበጣል፣ ሌላ መተግበሪያ ውስጥ ይገባል፤ ግዴታው ምንጩን መጥቀስና የተሻሻለውን መረጃ በዚያው ፈቃድ መልቀቅ ነው። ስልክ ላይ የሚጫኑት ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የሚያሳዩት ይህንኑ አንድ መረጃ ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ «ካርታው ላይ የለም» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ዋናው መረጃ ውስጥ አለ፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ቅጂ ነው ያረጀው።

ውስጡ የተሠራው ከሦስት ነገር ነው፤ ከነጥብ፣ ከመስመርና ሁለቱን ከሚያሰባስብ ቡድን። ሱቅ ነጥብ ነው፣ መንገድ መስመር ነው፣ ቤት ዞሮ የተዘጋ መስመር ነው። በእያንዳንዳቸው ላይ መለያ ይለጠፋል፤ ምን ዓይነት መንገድ ነው፣ ምን ተነጥፎበታል፣ ስሙ ማን ነው። መለያ የሌለው መስመር ለካርታው ትርጉም የሌለው ጭረት ነው።

ከሰማይ የተሳለውና በእግር የተሳለው

እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሄይቲን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የዚህን ካርታ ሥራ ለወጠው። በመላው ዓለም ያሉ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው ከሳተላይት ፎቶ ላይ የዋና ከተማዋን የፖርት ኦ ፕሪንስን መንገድና ቤት በቀናት ውስጥ ሳሉት፣ የእርዳታ ሠራተኞችም ተጠቀሙበት። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሆኖ መሳል የተለመደ ሆነ። በአገራችንም ብዙ የገጠር ቤትና መንገድ ካርታ ላይ የገባው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ጥቅሙን መካድ አይቻልም፤ ክትባት ለመስጠት ወይም አጎበር ለማደል ለሚወጣ የጤና ባለሙያ፣ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ጣሪያዎቹ የት የት እንደተሰበሰቡ ማወቅ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

በጅማ ዙሪያ ግን አንድ የተለየ ችግር አለ፤ ቡናው። የጅማ ቡና የሚበቅለው በዋንዛ፣ በብሳናና በሳሳ ጥላ ሥር ነው። ከላይ ለሚያይ ዓይን ይህ ሁሉ ደን ይመስላል። ከጥላው ሥር ያለው የእግር መንገድ አይታይም፤ የሣር ክዳን ያለው ቤት ከአካባቢው ቀለም ጋር ይመሳሰላል፤ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሩቅ የተሳለ የቡና ቀበሌ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ያነሰ ቤትና ከእውነቱ ያነሰ መንገድ ያሳያል። በኮምፒውተር ራሱ እየለየ የሚስል ፕሮግራምም የሚሠራው ከዚያው ፎቶ ላይ ነውና ከዚህ አያድንም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ያደረገው የአፍሪካ ሕንጻዎች መረጃ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። እንዲህ ባለው መረጃ ውስጥ ተጠጋግተው የቆሙ ሁለት ጣሪያዎች እንደ አንድ ቤት መቆጠራቸው፣ ዛፍ ያለበሰው ቤት ደግሞ ጨርሶ መቅረቱ ያጋጥማል።

ቡናው ራሱ ካርታው ላይ «ደን» ተብሎ ሲሳል ጉዳቱ ከውበት ያልፋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ፣ ቡና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ከተመነጠረ ደን የመጣ አለመሆኑን በቦታ መጠቆሚያ ማሳየትን ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያው ሁሉ መለካት አለበት፤ ለዚያና ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ 6 አሃዝ ሊኖረው ይገባል። ኦፕንስትሪትማፕ ለጥላ ቡና ትክክለኛ መለያ አለው፤ የተክል እርሻ ብሎ ለይቶ ተክሉ ቡና መሆኑን መጻፍ ነው። ደን ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው፤ የገበሬው እርሻ የተመነጠረ ደን እንዲመስል በር ይከፍታል። በሌላ በኩል የገበሬውን ስምና የማሳውን ወሰን እዚህ ካርታ ላይ ማስገባት ትልቅ ስህተት ነው። ያ የማኅበሩና የላኪው መዝገብ ሥራ ነው፤ እዚህ የተጻፈ ሁሉ ለዓለም የተገለጠ ነው።

ታዲያ የትኛው መንገድ ተረግጦ የተሳለ፣ የትኛው ከሰማይ የተገለበጠ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? መስመሩን ንኩትና ዝርዝሩን እዩ። «መንገድ» ከማለት በቀር ስምም፣ የንጣፍ ዓይነትም ከሌለው በአብዛኛው ከፎቶ የተሳለ ነው። ድረ ገጹ ላይ ደግሞ የእያንዳንዱ ነገር ታሪክ ይታያል፤ ማን መቼ እንደነካው፣ ምንጩ የሳተላይት ፎቶ ይሁን ጉብኝት፣ አርታኢው ምን አስተያየት እንደጻፈ። አንድ ነገር አምስት ሰው በተለያየ ዓመት ነክቶት ከሆነ ሊታመን ይቀርባል።

የመስመሩ ውፍረት አስፋልት ማለት አይደለም

ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጅማ የሚገባ እንግዳ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካርታው ላይ ወፍራምና ደማቅ ሆኖ የሚታይ መስመር የሚነግረው መንገዱ ከየት ወዴት እንደሚያገናኝ፣ ማለትም ደረጃውን ነው። አስፋልት ይሁን ፒስታ፣ ኮብልስቶን ይሁን ጭቃ የሚጻፈው በሌላ መለያ ነው፤ ያ መለያ ደግሞ ብዙ ቦታ ባዶ ነው። ሁለት የወረዳ ከተሞችን የሚያገናኝ ብቸኛ መንገድ በክረምት ቪትዝ የማያሳልፍ ቢሆንም በካርታው ላይ ትልቅ መንገድ ሆኖ ይታያል፤ እንደ ደንቡ ስህተት አይደለም። መተግበሪያው የሚነግራችሁ የጉዞ ሰዓትም ንጣፉ ካልተጻፈ በዋናነት ከዚህ ደረጃ ላይ የሚሰላ ስለሆነ ፒስታ ላይ ብዙ ጊዜ ያሳጥራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከአስፋልት ለመውጣት ያሰበ ሰው የተነገረውን ሰዓት እጥፍ አድርጎ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ከመውጣቱም በፊት መስመሩን ነክቶ የንጣፉን ዓይነት ይፈልግ። ባዶ ከሆነ «ይታለፋል» ብሎ አያንብበው።

በከተማው ውስጥ ያለው ትልቁ የመንገድ ችግር አዌቱ ወንዝ ላይ ነው። ወንዙ ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ተሽከርካሪ የሚሻገርባቸው ድልድዮች ውሱን ናቸው፣ በመካከላቸው ግን በግንድና በሳንቃ የተሠሩ የእግረኛ መሻገሪያዎች አሉ። ከፎቶ ላይ የሚስል ሰው ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን መንገዶች ያይና ያገናኛቸዋል። መንገድ ፈላጊው ፕሮግራም ደግሞ መስመር ከተገናኘ ይታለፋል ብሎ ነው የሚያስበው፤ ባጃጁን አምጥቶ ሳንቃው ላይ ያቆመዋል። የዚህ ተቃራኒም አለ። ሁለት መንገዶች በዓይን ሲታዩ የተነካኩ ይመስላሉ፣ ነገር ግን የጋራ ነጥብ የላቸውም፤ በመካከላቸው ግማሽ ሜትር ክፍተት ቀርቷል። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ሁለት መቶ ሜትር ለማይሞላ ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር ያዞራችኋል። ምክንያት የሌለው ዙር ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ያልተቋጠረ ጫፍ ይሁን።

በግቢ ውስጥ የሚያልፉ መንገዶችም እንዲሁ ናቸው። ከላይ ሲታዩ መንገድ ናቸው፤ በሩ ላይ ግን ጥበቃ አለ። የሳለው ሰው «የግል» የሚለውን መለያ ካልለጠፈ ካርታው በግቢው ውስጥ አቋርጡ ይላል።

መርካቶ፣ በሦስት ሜትር ሱቅ ውስጥ

ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ተደርድረው ካሉት ሱቆች የብዙዎቹ ፊት ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሜትር ነው። የስልክ ጂፒኤስ ግን ሰማዩ በተከፈተበት ቦታ እንኳን ወደ 5 ሜትር ይስታል፤ በፎቅ ሥር፣ በቆርቆሮ በረንዳ ሥር ከዚያም ይብሳል። ሂሳቡ ግልጽ ነው። ስልኩ «እዚህ ነህ» ያለበት ቦታ ላይ ነጥብ የጣለ ሰው፣ የጨርቃ ጨርቁን ሱቅ ከጎረቤቱ የብረታ ብረት ሱቅ ላይ ጭኖታል። ሁለተኛው ሰው መጥቶ የራሱን ሲጨምር ደግሞ አንድ በር ላይ ሦስት ሱቅ ይደረደራል።

መፍትሔው ጂፒኤሱን ትቶ በር መቁጠር ነው። ረድፉ ከመንገድ መገናኛው የሚጀምርበትን ጥግ ካርታው ላይ አግኙ፤ ከዚያ ስንተኛ በር እንደሆነ ቁጠሩና ነጥቡን በጣታችሁ ጎትታችሁ ሕንጻው ውስጥ በቅደም ተከተሉ አስቀምጡት። በሥፍራ ላይ ትክክል ባይሆን እንኳን ቅደም ተከተሉ ትክክል ይሆናል፤ ፈላጊውን የሚጠቅመው እሱ ነው። ለዚህ ሥራ ከሞባይል መተግበሪያዎች ሁሉ የሚመቸው ኤቭሪ ዶር ነው፤ በአንድሮይድም በአይፎንም ይሠራል፣ የአካባቢውን ነጥቦች ሁሉ በዝርዝር አቅርቦ እያንዳንዱን ያለው፣ የሌለው እያላችሁ እንድታረጋግጡ ያደርጋል። ስትሪትኮምፕሊት ደግሞ አንድሮይድ ላይ ብቻ ነው፤ በቆማችሁበት አካባቢ የጎደለውን ነገር እየጠየቀ ያስሞላችኋል፤ «ይህ መንገድ ምን የተነጠፈ ነው?» ብሎ ፎቶ ያሳያል፣ ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። የመንገድ ንጣፍ መረጃ በጎደለበት ከተማ አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ መንገድ ሊሞላበት ይችላል።

ስለ ምልክት ቦታዎች አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ጅማ ላይ አቅጣጫ የተጠየቀ ሰው የመንገድ ስም አይጠራም። መልሱ «ከመስጊዱ ወረድ ብለህ፣ ድልድዩን ሳትሻገር በግራ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ነው። እንግዲህ ካርታው ለጅማ ሰው የሚጠቅመው የመንገድ ስም ስለሞላ አይደለም፤ ሰው አቅጣጫ የሚያሳይባቸውን ነገሮች ሲይዝ ነው። ካርታው ላይ ካፌና ሆቴል ይበዛል፣ ወፍጮ ቤት ግን ይጎድላል። መጨመር የሚፈልግ ሰው ከወፍጮ ቤት፣ ከመስጊድ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከትምህርት ቤት በርና ከትንንሽ ድልድዮች ቢጀምር ከመቶ ካፌ ይበልጣል።

ስምና ሰዓት

ስም ፍለጋ የዚህ ካርታ ደካማ ጎን ነው፤ በጅማ ደግሞ ድካሙ ይጨምራል። አንዱ ቦታ ሄርማታ ይባላል፣ ሌላው ሂርማታ ይጽፈዋል። ቆጪና ቆቺ፣ ቂጦና ኪቶ፣ አዌቱና አወይቱ፣ ጅማ ራሷ ጂማ። በዚህ ላይ ሞክሼ ፊደል አለ፤ በ«ሀ» የተጻፈውን በ«ሐ» የፈለገ ሰው ባዶ ሊመለስ ይችላል። የመንገድ ሰሌዳዎቹ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ካርታው ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ የስም ሳጥን አለው፤ ስህተቱ ሦስቱንም በሰረዝ እያያያዙ አንድ ሳጥን ውስጥ መጠቅጠቅ ነው። እንዲያ ሲሆን በየትኛውም ቋንቋ የፈለገ ላያገኘው ይችላል። ትክክሉ በዋናው ስም ላይ ሰሌዳው ላይ ቀድሞ የሚታየውን መጻፍ፣ የአፋን ኦሮሞውን በአፋን ኦሮሞ ሳጥን፣ የአማርኛውን በአማርኛ ሳጥን ማስገባት፣ ሰዉ የሚጠራበትን ሌላ አጻጻፍ ደግሞ «ተለዋጭ ስም» በሚለው ሥር ማኖር ነው። ስለ ስም ከሌላ አርታኢ ጋር መነካካት የሚጀምር ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር፣ የፕሮጀክቱ ደንብ ዳኛ የሚያደርገው መሬት ላይ ያለውን ሰሌዳ ነው። የሰሌዳውን ፎቶ ያነሳ ያሸንፋል።

ሰዓቱ ሌላ ጉድ ነው። ካርታው የሚያውቀው በሌሊቱ እኩሌታ የሚጀምረውን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር «2፡30» ብሎ የሞላ ሰው፣ መሥሪያ ቤቱን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከፍቶታል። በቀን ሰዓት ላይ 6 ደምሩ፤ 2፡30 እስከ 6፡30 ያለው ከ8፡30 እስከ 12፡30 ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ 7፡30 እስከ 11፡30 ያለው ከ13፡30 እስከ 17፡30። የመንግሥት ቢሮ ዓርብ ጠዋት 5፡30 ላይ እንደሚዘጋም አትርሱ፤ ዓርብን ለብቻው 11፡30 ብላችሁ ጻፉት። የሐሙስ ገበያንም እንዲሁ። ገበያውን ሜዳ አድርጎ ከመተው፣ ገበያ ብሎ ቀኑን ሐሙስ ብሎ መሙላት በማግስቱ ከሩቅ የሚመጣውን ሰው ከባዶ ሜዳ ያድነዋል።

ከጎግል ማፕ ጋር ሲመዘን

ጎግል ማፕ ላይም ተጠቃሚው ያዋጣል፤ ቦታ ይጨምራል፣ ፎቶ ይለጥፋል፣ ኮከብ ይሰጣል። ሆቴል ለመምረጥ፣ የሱቅ ፎቶ ለማየትና የደንበኛ አስተያየት ለማንበብ ጎግል ይበልጣል፤ ኦፕንስትሪትማፕ ኮከብም አስተያየትም አይቀበልም። ጎግል ግን በኮምፒውተር ስለሚገመግም አንዳንዱ ማስተካከያ ሳይጸድቅ ይቀራል፣ ለምን እንደቀረም በቂ ማብራሪያ አይገኝም። ኢንተርኔት ሳይኖር ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ጎግል ቀድሞ በወረደ ካርታ ላይ የሚመራችሁ ለመኪና ብቻ ነው፤ ለእግር ጉዞ አቅጣጫ አይሰጣችሁም። ኦርጋኒክ ማፕስ ያለ ኢንተርኔት በእግርም በመኪናም ይመራል፣ አካውንት መክፈትም አይጠይቅም። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በአቋራጭ በእግር ለሚወጣ ሰው ይህ ወሳኝ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የተዋጣው ሥራ የማን ይሆናል የሚለው ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2008 ማፕ ሜከር የሚባል መሣሪያ ከፍቶ ሰዎች የአገራቸውን መንገድ እንዲስሉ አድርጎ ነበር፤ በ2017 ዘጋው። የተሳለው ሁሉ በድርጅቱ እጅ ቀረ። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የገባ መንገድ ግን ማንም ሊያወርደው፣ ዩኒቨርሲቲ ሊያጠናበት፣ የጤና ጣቢያ ሊያትመው ይችላል። ድረ ገጹ ነገ ቢዘጋ እንኳን ቅጂው በሺህ ቦታ አለ። አንድ ሰው ጊዜውን የሚሰጥ ከሆነ የሚሰጥበት ቦታ ይህ ነው ብሎ መናገር ተገቢ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከጎግል ማፕ ላይ ስም ወይም መንገድ አይቶ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ መገልበጥ በፈቃዱ የተከለከለ ነው፤ ከታወቀ የገባው ሁሉ ይሰረዛል። ከሱቁ ሰሌዳ ላይ መገልበጥ ግን ይፈቀዳል።

ማንም ሊያርም መቻሉ ማንም ሊያበላሽ ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ሰው የኒውዮርክን ስም በጸረ አይሁድ ስድብ ቀየረው። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ቶሎ ታረመ፤ ነገር ግን የቆየውን ቅጂ የወሰደ ሌላ ድርጅት ካርታ ላይ ሳይታረም ኖሮ ከሳምንታት በኋላ በሚሊዮኖች ስልክ ላይ ብቅ አለ። ትምህርቱ ለጅማም ይሠራል፤ ስህተት ስታርሙ ድረ ገጹ ላይ በደቂቃዎች ይታያል፣ ኦርጋኒክ ማፕስ ላይ ግን አዲስ የካርታ ፋይል እስኪወጣና እናንተም እስክታወርዱት ሳምንታት ይፈጃል። አልገባም ብላችሁ ሁለተኛ አትጨምሩ።

ማረም ለሚፈልግ

አዲስ መንገድ ለመጨመር ስልኩ የሄዳችሁበትን እንዲመዘግብ አድርጉና መንገዱን ደርሶ መልስ ሂዱት። ከመነሳታችሁ በፊት ክፍት ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ቁሙ፤ የስህተት ክቡ ከ5 ሜትር በታች ሲወርድ ጀምሩ። የሄዳችሁበትና የተመለሳችሁበት መስመር አይገጣጠሙም፤ መንገዱ በመካከላቸው ነው። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ አይዲ የሚባለውን አርታኢ በድረ ገጹ ውስጥ ክፈቱ። የሳተላይቱ ፎቶ ከሄዳችሁበት መስመር ጋር ካልገጠመ ብዙ ጊዜ የተንሸራተተው ፎቶው ነው፤ እንደ ጅሬን ባለ ኮረብታ ላይ ይህ ይበዛል። ፎቶውን ጎትታችሁ ከመስመሩ ጋር አስተካክሉ፣ መስመሩን ግን ወደ ፎቶው አትጎትቱ። የፎቶውን ቀንም እዩ፤ የኮሪደር ልማት በነካቸው ዋና መንገዶች ዳር፣ ከሥራው በፊት የተነሳ ፎቶ የፈረሰ ቤት ያሳያችኋል።

መንገዱን ስትስሉ ጫፉ ከዋናው መንገድ ጋር በጋራ ነጥብ መቋጠሩን አረጋግጡ፤ ደረጃውን፣ ቀጥሎ ንጣፉን ሙሉ። ቤት ስትስሉ ጣሪያውን ሳይሆን መሠረቱን ነው፤ ፎቅ በፎቶው ላይ ያጋደለ ስለሚመስል ጣሪያውን ስላችሁ ወደ መሠረቱ ጎትቱት። ማዕዘኑን ለማቃናት ቤቱን መርጣችሁ «ኪው» ቁልፍን ተጫኑ። ስታስቀምጡ በአስተያየቱ ሳጥን ውስጥ «ቦሳ ቂጦ፣ ሦስት የውስጥ መንገድ፣ በእግር የታየ» ዓይነት ነገር ጻፉ። ባዶ መተው ቀጣዩ አርታኢ እንዲጠራጠራችሁ ያደርጋል። ቤታችሁ አጠገብ የተመዘገበ ጉዞ ለሕዝብ የምትለቁ ከሆነ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሁለት መቶ ሜትር ቁረጡ፤ አለዚያ በራችሁን ለማያውቃችሁ ሰው አሳያችሁት። የመኖሪያ ቤት ባለቤት ስም ጨርሶ አይጻፍም።

ከድሮ የወረቀት ካርታ ወይም ከመሬት መዝገብ ላይ ቁጥር ወስዶ ለማስገባት ለሚፈልግ ደግሞ ትልቅ ወጥመድ አለ። የቀድሞው የአገራችን ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባል የመለኪያ መነሻ (ዳተም) ላይ ነው፤ ስልኩና ኦፕንስትሪትማፕ የሚሠሩት ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ነው። አንዱን ቁጥር ሳይለውጡ ሌላው ላይ ማስቀመጥ ነጥቡን ሁለት መቶ ሜትር አካባቢ ያንሸራትተዋል። ለጅማ ዩቲኤም ከሚባለው የካርታ ክፍፍል 37 ሰሜን መመረጡን፣ መነሻው አዲንዳን መሆኑን ነግሮ በፕሮግራም ማስለወጥ ያስፈልጋል። የአሃዙም ነገር አይናቅ፤ በዲግሪ ሲጻፍ ከነጥብ በኋላ 4 አሃዝ ማለት 11 ሜትር ያህል መሳት፣ 5 አሃዝ ማለት አንድ ሜትር ያህል ነው። በቴሌግራም ቦታ ስትላላኩ ከ5 አታሳንሱ።

ማረም የማይፈልግ ሰው ድረ ገጹ ላይ ማስታወሻ መተው ይችላል፤ ቦታውን ነክቶ «ይህ ድልድይ የእግረኛ ነው» ብሎ መጻፍ ይበቃል። የሚሠራው ግን የተጨበጠ ማስታወሻ ነው። «ስህተት አለ» የሚል ማስታወሻ ማንም ሳይነካው ዓመት ይቀመጣል፤ ምን እንደሆነ፣ ከየትኛው ጥግ፣ መቼ እንደታየ ከተጻፈ ሌላ አገር ያለ ሰው እንኳን ሊያርመው ይችላል።

ሱቅ ከተነሳ ደግሞ፣ በተለይ በኮሪደር ሥራው ብዙ ሱቅ ቦታ በለወጠበት በአሁኑ ጊዜ፣ የድሮውን ነጥብ ሰርዛችሁ አዲስ ቦታው ላይ ሌላ አትክፈቱ። ያለውን ነጥብ ጎትታችሁ አዲሱ በር ላይ አድርሱት። ስሙ በሦስቱም ቋንቋ፣ ስልኩ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የቀድሞ አርታኢዎች ታሪክ አብሮት ይሄዳል፤ ሱቁን በተለዋጭ ስሙ የሚፈልገው ደንበኛም በዚያው ስም አዲሱ ቦታ ላይ ያገኘዋል።